ማን ነካው?

«ዝምተኛና ትዕግሥተኛ ነበሩ ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ የእትዬ አስናቀች ታናሽ ወንድም ጋሽ ተስፋዬ። ዐይናቸው በለቅሶ ብዛት ደም መስሏል፤ ስለዚህ አልጮህኩባቸውም። በሌላ ቀን ቢሆን ግን፣ እግዜር ያውቃል፣ ጎረቤት እስኪሰበሰብ እጮህ ነበር። እትዬ አስናቀች ዝምተኛ? እትዬ አስናቀች ትዕግሥተኛ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ስሜ ታምራት ይባላል። መቱ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ታይፕ የማደርገው እኔ ስለሆንኩ፣ በዚህች ከተማ ሞቶ ደግ ያልሆነ ሰው እንደሌለ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሚስቱን ሲያስለቅስ የኖረውም ሲሞት «ለቤተሰቡ አሳቢ» ይሆናል። ሌላ ጊዜ ምን አገባኝ ብዬ የታዘዝኩትን እጽፋለሁ፤ ያን ቀን ጠዋት ግን እጄ እምቢ አለኝ። ከእትዬ አስናቀች ጋር አንድ ክፍል ለሁለት ተካፍለን፣ በግራ በኩል እሳቸው የተበላሸ ኮምፒዩተር ሲጠግኑ፣ በቀኝ በኩል እኔ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ስንት ዓመት ኖረናል። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው ተብሏል። ጋሽ ተስፋዬን ወደ ድንኳኑ ሸኘሁና የማውቃቸውን ሴት ልጽፍ ተቀመጥኩ።

እትዬ አስናቀች ቁጡ ነበሩ። በቃ፣ እውነቱ ይኼ ነው። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሻሻቸው ውስጥ ካቻቢቴ ሰክተው የሚሄዱ ሴት ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርሱ ነው ካቻቢቴው ትዝ የሚላቸውና ነጠላቸው ሥር የሚደብቁት። መጀመሪያ ጎሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽሕፈት መኪና ይጠግኑ ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ጅማ ሄደው፣ ልጆቻቸው ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር ተምረው ዲፕሎማቸውን ይዘው ተመለሱ። ያንን ዲፕሎማ ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል፤ የሚከራከራቸው ሰው ሲመጣ ምንም ሳይናገሩ በካቻቢቴው ያሳዩታል። በኦሮምኛ ይቆጣሉ፣ በአማርኛ ይሳደባሉ፣ ሲጸጸቱ ደግሞ ከኪሳቸው ከማይጠፋው ቆሎ ዘግነው ይሰጡሃል። ይቅርታቸው እሱ ነው። እኔ በእነዚያ ዓመታት የበላሁት ቆሎ ጆንያ ይሞላል።

ፎርማት የሚለውን ቃል መስማት አይወዱም። ወጣቶቹ ጠጋኞች ማሽን ሲያስቸግራቸው ያለውን ሁሉ ደምስሰው እንደ አዲስ ይጭኑታል። «ሰው ራሴን አመመኝ ሲልህ ትቀብረዋለህ እንዴ?» ይሏቸው ነበር። እሳቸው መጀመሪያ የሚገቡት ጓዳው ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ማሽኑ ዕቃውን የሚቆጥርበት፣ ይኼ ዲስክ አለኝ፣ ሰዓቱ ይኼ ነው የሚልበት ሰማያዊ ገጽ አለ። ባለሙያዎች ባዮስ ይሉታል፤ ለእትዬ አስናቀች ጓዳ ነው። «ሳሎን ምን ልሁን ብዬ እቀመጣለሁ? የቤት ጣጣ ያለው ጓዳ ነው» ይላሉ። ሰው ሞተ ብሎ ተሸክሞ ያመጣውን ማሽን፣ ጓዳ ውስጥ አንድ የተዘጋ ነገር ከፍተው በእግሩ ሲመልሱት ስንቴ አይቻለሁ።

አሠራራቸው ነበር ጉዱ። ማሽኑን የነካ ሰው ሁሉ ካልተሰበሰበ አይከፍቱም። እዚህ አገር ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ተራ በተራ ያናግረዋል አይደል? እሳቸውም ባለቤቱን፣ ጸሐፊዋን፣ ጽዳቷን ሳይቀር አግዳሚው ላይ ደርድረው «ማን ነካው? ኤኙቱ ቱቄ?» ብለው በሁለት ቋንቋ ይጠይቃሉ። ሕጋቸው «እኔ ነኝ ያለ አይሰደብም» የሚል ነው። ያለ ምክንያት ሲሳደቡ የሚውሉት ሴትዮ፣ ሰው እኔ ነኝ ካለ አፋቸውን ጥርቅም! የደበቀ ግን ወዮለት። ከዚያ ጓዳ ውስጥ የሚነኩትን ሁሉ ጮክ ብለው እየተናገሩ ይሠራሉ። «ይቺን ልከፍታት ነው፤ የሚቃወም አለ?» ብለው ዙሪያውን ያያሉ። ማን ምን አውቆ ይቃወማል? ቢሆንም ይጠይቃሉ።

ይኼን ሁሉ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው የጉደታ ነገር የመጣብኝ። እሱን ካልጻፍኩ ምን ጻፍኩ?

ቡና መለቀም ጀምሮ ዝናቡ ግን አልወጣ ያለበት ጊዜ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ በባጃጅ ሲፒዩ ይዞ መጣ። ደረጀ ይባላል፤ የጎረቤታችን የቡሬ ከተማ ቡና ነጋዴ የአቶ ይልማ የእህት ልጅ ነው። ሲፒዩውን እትዬ አስናቀች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ዝናቡን ከጃኬቱ እያራገፈ፣ «እትዬ፣ ፎርማት ያድርጉልኝ፤ እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ» አለ።

«ምን ሆኖ?»

«ዲስኩን አላውቀውም አለ። የመጋዘኑ ካሜራ የሚቀዳው እዚህ ላይ ነው። ባዶ ነው፣ ምንም የለበትም፤ ዝም ብለው ይደምስሱት።»

«ባዶ ከሆነ ምኑን ልደምስሰው?» አሉ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት። «ዕቃው ያንተ ነው?»

«የአጎቴ ነው።»

«አጎትህ ይምጣ።»

ደረጀ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ለመነ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ መቱ ትንሽ ከተማ ናት። የአጎቴ ወዳጆች እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ» አላቸው። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። ተነስቼ ምን ላደርግ እንደነበር አትጠይቁኝ። ደረጀ ሲፒዩውን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ፣ እትዬ አስናቀች ሰፊ መዳፋቸውን ላዩ ላይ ዘርግተው አሳረፉት። ቢስበው፣ ቢስበው፣ ንቅንቅ አላለም።

«አጎትህን ጥራ። ያለዚያ እኔ እጠራዋለሁ።»

በሩን አጋጭቶ ወጣ። እሱ ከመውጣቱ አንዲት ልጅ ገባች፤ ውኃ ከልብሷ እየተንጠባጠበ ነው። ጫልቱ ትባላለች። ደረጀ ቡሬ ላይ ያንን ሲፒዩ ሚኒባስ ውስጥ ሲጭን አይታ፣ በሚቀጥለው መኪና ተሳፍራ ስትከተለው ነው የመጣችው።

«እትዬ፣ ማሎ! እንዳይደመስሱት፣ ማሎ!» ብላ በኦሮምኛ እየለመነች እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ አንጠልጥለው አቆሟት።

«ቁሚ! እኔ ታቦት ነኝ? ይልቅ ተቀመጪና ተናገሪ።»

ተናገረች። አባቷ ኦቦ ጉደታ የአቶ ይልማ መጋዘን ጥበቃ ናቸው። ከሶር ወንዝ ማዶ በልጅነታቸው መጥተው እዚያ መጋዘን በር ላይ ነው ያረጁት። ዓርብ ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ቡናው ጎድሎ ተገኘ። ካሜራው ይታይ ሲባል ኮምፒዩተሩ ዲስክ የለኝም አለ፤ ሐሙስም የለ፣ ረቡዕም የለ። ያኔ አቶ ይልማ «ያበላሸው እሱ ነው! ሌባ ባይሆን ካሜራውን ለምን ያበላሸዋል? እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያድረው እሱ ብቻ ነው!» ብለው ጮሁ፤ ሽማግሌው ጣቢያ ገቡ። ኦቦ ጉደታ የሚሉት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረጀ ሚስማር ግዛ ብሎ ገበያ ላከኝ፣ ኮምፒዩተር አልነካሁም ነው። ደረጀ ደግሞ ሐሙስ መጋዘኑ ጋ አልደረስኩም ብሏል። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።

«አባኮ የሰው ነገር ነክቶ አያውቅም» አለች ጫልቱ። «ከዚህ ሳጥን በቀር ምስክር የለውም።»

እትዬ አስናቀች ቆሎ ዘግነው እጇ ላይ አደረጉላትና ስልካቸውን አነሱ። «ይልማ? ዕቃህ እኔ ዘንድ ነው። ነገ ጠዋት ራስህ ና። ፖሊሱንም ይዘህ ና፣ ያንን የእህትህንም ልጅ። የለም፣ አሁን አልሰድብህም፤ የምሰድብህ ሌላ ቀን ነው።»

ከዚያ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሲፒዩውን ባዶ የቡና ጆንያ ውስጥ ከተው፣ አፉን በወስፌና በቃጫ፣ ነጋዴ ቡናውን እንደሚሰፋ አድርገው ሰፉት። «ነገ ማንም ተነካ እንዳይል» አሉኝ። ጫልቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ያቺ ክፍላችን ስትጠብ! አቶ ይልማ አግዳሚው ላይ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል፣ ከቡሬ የመጣው ሳጅን አጠገባቸው፣ ጫልቱ ጥጉ ላይ፣ ደረጀ በሩን ተደግፎ። እኔ ደንበኞቼን መልሼ በሩን ገርበብ አደረግሁት። እትዬ አስናቀች ጆንያውን አቀረቡ።

«ስፌቱን እዩ። ተነክቷል?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየና «አልተነካም» አለ። ቃጫውን በጠሱት።

«እንግዲህ። ማን ነካው? ኤኙቱ ቱቄ?»

«ከመጋዘን አንስቼ ከማምጣት በቀር አልነካሁም» አለ ደረጀ። ጫልቱ ራሷን ነቀነቀች። አቶ ይልማ ቱግ አሉ፤ «እኔን ነው የሚጠይቁት? እኔ ኮምፒዩተር ማብራት እንኳ አላውቅም! የነካውማ ታስሯል!»

እትዬ አስናቀች ሲፒዩውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሽፋኑን አነሱት። ውስጡ የቡና ገለባና አቧራ ነው። ብዙ ጊዜ አጎንብሰው አዩ፤ ከዚያ ካቻቢቴውን ከሻሻቸው መዝዘው አንዲት ክብ ባዶ ቦታ ላይ አሳረፉት።

«እዚህ ጋ ባትሪ ነበረች። ከሃምሳ ሳንቲም አነስ ያለች፣ ጠፍጣፋ። የታለች?»

ሳጅኑ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ጓዳው የሚያስታውሰው በእሷ ነው» አሉ፣ ሁላችንንም በየተራ እያዩ። «የትኛው ዲስክ የት እንደተሰካ፣ ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ። እሷን ብታወጣት መብራት እስካለ ምንም አይሆንም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ማሽኑ ሁሉን ረስቶ ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ይሆናል፤ ዲስኩንም አያውቀው፣ ቀኑንም አያውቀው። ሐሙስ ቡሬ መብራት ሄዶ ነበር?»

«ከቀትር በኋላ ሄዶ ተመለሰ» አለ ሳጅኑ።

«እሺ። ባትሪዋን ማን ወሰዳት?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የአቶ ይልማ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ኮታቸው ኪስ ገባ፤ የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ። የቁልፉን ጀርባ በጥፍራቸው ከፈቱት። ጠፍጣፋዋ ባትሪ እዚያ ውስጥ ነበረች።

«ይቺ ናት?» አሉ። «ሐሙስ ጠዋት ቁልፌ አልከፍት አለኝ። ቡሬ ውስጥ ባትሪዋን ፈልጌ አጣሁ። አንዴ ጠጋኝ ሲከፍተው እንደዚች ያለች እዚያ ውስጥ አይቼ ነበር። ኮምፒዩተሩማ በመብራት ነው የሚሠራው ብዬ... ምን ይጎዳዋል ብዬ...»

አሁን ጉዳቸው ፈላ ብዬ ጠበቅሁ። እትዬ አስናቀች ግን መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እኔ ነኝ በል።»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ይልማ።

«በቃ። እኔ ነኝ ያለ አይሰደብም።» ባትሪዋን ተቀብለው ቦታዋ ላይ አስገቧት።

ጫልቱ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ደረጀ ግን ከበሩ ሳይነቃነቅ «እሺ፣ ካሜራው በባትሪ ተበላሸ። ቡናውንስ ማን ወሰደው?» አለ። ክፍሉ እንደገና ቀዘቀዘ። እውነቱን ነው፤ ሽማግሌው ካሜራ አላበላሹም ማለት ቡና አልሰረቁም ማለት አይደለም።

እትዬ አስናቀች ማሽኑን አብርተው ጓዳ ገቡ። «ትልቁ ዲስክ የተሰካበት መስመር ተዘግቷል። ፋብሪካው ሲሠራው ዝግ አድርጎ ነው የሚሸጠው። ልከፍተው ነው፤ የሚቃወም አለ?» ማንም አልተቃወመም። ከፈቱት። ዲስኩ ብቅ አለ፤ ቀኖቹ ሁሉ መጡ። ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ጉደታ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ይነሳሉ፣ ይዞራሉ፣ ይቀመጣሉ። ቀትር አለፈ። ከዚያ ድርግም፤ መብራት ሄደ።

«ይኸው፣ ምንም የለም» አለ ደረጀ፣ በረጅሙ እየተነፈሰ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉት። «መብራት ከተመለሰ በኋላስ? ትልቁን ዲስክ ሲያጣ የት ጻፈው?»

ዊንዶውሱ የተጫነበትን ትንሹን ዲስክ ከፈቱ። እዚያ ውስጥ ማንም ያልፈለገው፣ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ቀን የተጻፈበት ምስል ነበር። ከፈቱት። የመጋዘኑ በር። ወደ ኋላ እየሄደች የምትጠጋ ፒክአፕ። ከውስጧ የሚወርደው ደረጀ። ጆንያ በትከሻው፣ አንድ፣ እንደገና።

ጫልቱ እሪ አለች። ሳጅኑ ብድግ አለ። የደረጀ ፊት አመድ መሰለ፤ ግን ወዲያው ጣቱን ቀሰረ። «ቀኑን አንብቡታ! ያኔ እኮ ካሜራውም አልተገዛም። ቀኑ ውሸት ከሆነ ይኼ መቼ እንደተቀዳ ማን ያውቃል? አጎቴ፣ አምና ስንት ጊዜ ቡና ጫን ብለኸኛል? ከእነዚያ አንዱ ነው!»

አቶ ይልማ አንገታቸውን ደፉ። እውነት ነው፣ ያስጭኑት ነበር።

ሳጅኑ ግንባሩን አሸ። «እትዬ፣ እኔ ገብቶኛል። ግን ሰኞ ዳኛ ፊት ቀኑ የተሳሳተ ምስል ይዤ ብቆም ምን እላለሁ? ሰዓቱን ሐሙስ አድርገው እንደገና ቢገለብጡልኝ ቀኑ ሐሙስ ይላል አይደል? ያውም እውነቱን ነው። ያስተካክሉትና ልውሰደው።»

ቀላል ነገር ነበር። እትዬ አስናቀች ማሽኑን አጥፍተው አብርተው ጓዳ ገቡ፤ የሰዓቱን ገጽ ከፈቱ። እጃቸው ቁልፎቹ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ የሚሉትን ጠበቅን፤ ልነካው ነው፣ የሚቃወም?

«አልነካውም» አሉ።

«እትዬ!» አለች ጫልቱ።

«ሐሙስ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ዛሬ ለእውነት ብዬ ከነካሁት፣ ነገ ሌላው ለውሸት ሲነካው ምን ብዬ እጁን እይዛለሁ?»

«ነገ? እኔ የምልዎት ሰኞ ነው! እርስዎ አባት አልነበረዎትም? ድንጋይ ነዎት እንዴ?»

እኔም አልቻልኩም። «እትዬ፣ ይንኩት! ምን ዓይነት ግትርነት ነው? ሽማግሌው በእርስዎ ክብር ይታሰሩ?» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ጮሄባቸው አላውቅም። ደረጀ ብቻ ነው የማይጮኸው፤ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ሁላችንም የምናየው ፊታቸውን ነበር። ላብ አጥምቋቸዋል። እጃቸውን ግን ከቁልፎቹ ላይ አላነሱም።

«ምስሉን ይመልሱት» አሉ አቶ ይልማ ከአግዳሚው።

እትዬ አስናቀች ውኃ ውስጥ ሰምጦ እንደወጣ ሰው ትንፋሽ ስበው ከገጹ ወጡ። ምስሉ ተመለሰ። አቶ ይልማ ተነስተው አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። ደረጀን አይደለም የሚያዩት፤ ከደረጀ ኋላ ነው።

«በሩ» አሉ።

«በሩ ምን ሆነ?» አለ ሳጅኑ።

«በሩ ሰማያዊ ነው።» ዞረው የእህታቸውን ልጅ አዩት። «ዝናቡ ቢያዝገው ረቡዕ ቀለም ገዝቼ አስቀባሁት። አምና ይኼ በር ቡናማ ነበር። ከተቀባ ወዲህ ደግሞ አንድም ቡና አላስጫንኩህም፤ ረቡዕ ጎሬ ነበርክ። የቀባው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ጉደታ ነው። የቀባው ጉደታ ነው!»

ደረጀ ወደ በሩ ዞረ፤ ሳጅኑ ግን ቀድሞት ነበር። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ ያ ልጅ ግን የዘመዱን እንጀራ ነው የላሰው።

«አሁኑኑ ሂድ» አሏቸው እትዬ አስናቀች አቶ ይልማን። «ሰው ልከህ አይደለም፤ ራስህ ከጣቢያ አውጥተህ ቤቱ አድርሰው። እግሩ ሥር ተቀመጥ። የምሰድብህ ከዚያ በኋላ ነው።» በኋላም እንዳሉት ሰድበዋቸዋል፤ መናኸሪያው ሁሉ ሰምቷል።

ጫልቱ አላመሰገነቻቸውም። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና «እትዬ፣ በሩ ባይቀባ ኖሮስ?» አለቻቸው።

ዞር ብለው የሲፒዩውን ሽፋን መግጠም ጀመሩ። ቆሎም አልሰጧትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ታሪክ ያላወራሁበት ቦታ የለም። የጮህኩባቸው እኔ፣ ዋና አውሪው እኔ ሆንኩ። «ሰዓት የማይነኩት ሴትዮ!» እያልኩ ለደንበኛው ሁሉ ነገርኩ። ስጀምር ተነስተው ይወጣሉ፤ አንዴም «አፍህን ዝጋ!» ብለው ካቻቢቴ ወረወሩብኝ። ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ትሕትና ከየት መጥቶባቸው እንደሆነ እንጃ እንጂ።

እንግዲህ በቀብራቸው ጠዋት የሕይወት ታሪካቸውን መጨረሻ እንዲህ ብዬ አሳመርኩት፤ «ለወዳጅም ለዘመድም ብለው እውነትን ሊነኩ አስበው እንኳ አያውቁም»። ጋሽ ተስፋዬ መጥተው አነበቡት። «ቁጡ ነበሩ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ እያለቀሱ ሳቁ። መጨረሻዋን መስመር ግን ሁለቴ አነበቧት፤ «ይቺ እህቴ ናት» አሉ። አባዛው ብለውኝ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

ማባዛት ልጀምር ስል ጫልቱ ገባች፤ ልጇን አዝላለች። ኦቦ ጉደታ ውጭ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከቡሬ ለቀብር መምጣታቸው ነው። ትከሻዬ ላይ ሆና አነበበች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን መስመሯ ላይ አደረገች።

«ይቺን አውጣት። እንዲህ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? አንቺ ነበርሽ፣ እኔ ነበርኩ! አልነካውም አላሉም?»

«አሉ» አለች ጫልቱ። «አባኮ በወጣ በሳምንቱ እትዬ ቤታችን መጡ። እኔ ላናግራቸው አልፈለግሁም፣ አኩርፌ ነበር። ተቀመጡና ምን አሉኝ? ‹ልጄ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ ነው የመጣሁት። አፌ አልነካውም ይላል፤ እናንተ ስትጮሁብኝ ጣቴ ቀኑን ሐሙስ ላይ አድርሶት ነበር። የቀረችኝ አንዲት ቁልፍ ናት፣ እሺ የምትለው ቁልፍ። ይልማ ምስሉን መልሱት ባይል እጫናት ነበር። ሰውን ሁሉ ማን ነካው ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ላንቺ እኔ ነኝ ልልሽ መጣሁ› አሉኝ።»

ጫልቱ የልጇን አንቀልባ አጠበቀች።

«ያኔ ነው ያቀፍኳቸው፣ ታምራት። እኔ ነኝ ብለው ስለመጡ አይደለም። ለአባቴ ብለው የኖሩበትን ሊያፈርሱ ነበር። እኔ የምወዳቸው በእሱ ነው። አንተ ይኼን ብትጽፍ የማላውቃቸውን ሴት ነው የምንቀብረው።»

ምን እላለሁ? ያ ሁሉ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ካቻቢቴው ለምን እንደተወረወረብኝ ያኔ ገባኝ። ከዚያ በፊት ያከበርኳቸውን ያህል ያኔ ወደድኳቸው። መስመሯን አጠፋኋት። በቦታዋ ሌላ አልጻፍኩም።

ቀብሩ ላይ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጠን። አንባቢው «ቁጡ ነበሩ፣ በቆሎም ይቅርታ ይጠይቁ ነበር» ሲል ለቀስተኛው መሐል ሳቅና እንባ አንድ ላይ ተሰማ። ንባቡም ወዲያው አለቀ። ጋሽ ተስፋዬ ወረቀቱን ከአንባቢው ተቀብለው ገለበጡት፤ ጀርባውንም አዩ። ከዚያ በሰዉ መሐል ሰንጥቀው ወደ እኔ መጡ።

«መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ነበረች» አሉ። «ማን ነካው?»

ጫልቱ አየችኝ። ኦቦ ጉደታ ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አልሰደቡኝም።